«አጼካጋርቡሊ»፦ የጠበቃው ቅጽል ስም ይተርጎም ወይስ ይተው?

ቃል ለቃሚ፦ የጣሊያናዊውን ደራሲ የማንዞኒን ልብ ወለድ «እጮኛሞቹ»ን በአንድ የድሮ እንግሊዝኛ ትርጉም እያነበብኩ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ «ዶክተር አጼካጋርቡሊ» የሚባል ጠበቃ አለ። ተርጓሚው ስሙን እንዳለ ነው የተወው። ጣሊያንኛ የምታውቁ፣ ትርጉም አለው?

ሰምና ወርቅ፦ አለው እንጂ! «ጋርቡሊዮ» ውሉ የጠፋበት ልቃቂት በለው፤ የተወሳሰበ ነገር። «አጼካሬ» ዒላማ መምታት፣ ልኩን ማግኘት። ሲጣመሩ የተወሳሰበ ነገር የሚያውቅበት ሰው ይሆናል፤ ግን ሙገሳ አይደለም፣ ውሉን የሚያጠፋውም ራሱ ነው። እኔ «ነገር ጎንጓኝ» እለው ነበር።

ቃል ለቃሚ፦ «ነገረ ፈጅ»ስ? የድሮ የጠበቃ ስም አይደል?

ባላገሩ፦ ወንድሜ፣ ነገረ ፈጅ የሥራ ስም ነው፤ ፊት ለፊት ብትጠራው አይቀየምም። ይኸኛው ግን ስድብ ነው። ዶን ሮድሪጎ የተባለው ባላባት ቄሱን አስፈራርቶ የሬንዞና የሉቺያን ሰርግ ሲያስቀር፣ የሉቺያ እናት አኜዜ ሬንዞን አራት የተኮላሹ አውራ ዶሮዎች አስይዛ ወደ ጠበቃው ትልከዋለች። «አደራ፣ በዚህ ስም እንዳትጠራው፣ ቅጽል ስም ነው» ትለዋለች። እውነተኛ ስሙን ልትነግረው ስትል እሷም አታውቀውም፤ አገሩ ሁሉ በቅጽሉ ነው የሚጠራው! ስሙ በጣሊያንኛ ከቀረ ይህ ቀልድ ሞተ ማለት ነው። ይተርጎም ባይ ነኝ።

ሰምና ወርቅ፦ አንድ ችግር አለ። ቃሉ ዛሬ በጣሊያን መዝገበ ቃላት ገብቷል፤ ሕግ እያጣመመ የሚኖር ጠበቃ ሁሉ አጼካጋርቡሊ ነው። የእኛው ካሳ ዳምጤም እንዲሁ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ልማድ የሚነቅፍ ሲያይ «ጉዱ ካሳ» ይላል። ያን ክብደት የትኛው እንግሊዝኛ ይሸከመዋል?

ባላገሩ፦ መሸከም የለበትማ! የዛሬ ጣሊያናዊ መጽሐፉን ትምህርት ቤት ስለሚማረው፣ ስሙ ቀድሞ ጆሮው ውስጥ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ሲወጣ፣ በ1827 እ.ኤ.አ. የገዛው አንባቢ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቶ ነው የሳቀው። የእንግሊዝኛው አንባቢ ከዚያኛው ጋር ነው የሚቀመጠው። ማንዞኒ ራሱ ሚላኖ ተወልዶ፣ ፍሎረንሶች በሚነጋገሩበት ቋንቋ መጽሐፉን እንደገና ጽፎ ከ1840 ጀምሮ አሳተመው፤ ፍሎረንስን በሚያቋርጠው ወንዝ «ልብሴን በአርኖ ወንዝ አለቀለቅሁ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሕያው አፍ የፈለገን ደራሲ በአቧራማ እንግሊዝኛ ማቅረብ ግፍ ነው። ማይክል ሙር በ2022 አዲስ ትርጉም ሲያወጣ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ቃል ለቃሚ፦ ተረታችሁኝ፣ ይተርጎም። ግን ዶሮዎቹስ? ጣሊያኖች «የሬንዞ ዶሮዎች» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሰምና ወርቅ፦ ሬንዞ እግራቸውን አስሮ፣ ቁልቁል አንጠልጥሎ ነው የሚወስዳቸው። ተናዶ እጁን ባወዛወዘ ቁጥር እየተናወጡ፣ እነሱ እርስ በርስ በመንቁራቸው ይነካከሳሉ። አንድ መከራ ላይ ሆነው ለሚጣሉ ሰዎች ይነገራል። ይኸኛው ምንም ጣጣ የለውም፣ ትዕይንቱ በየትኛውም ቋንቋ ያልፋል። ዶክተሩ ደግሞ የዶን ሮድሪጎን ስም እንደሰማ ሬንዞን ከነዶሮዎቹ አባረረው! ለዚህ ጠብ የሚሆን የአማርኛ ተረት ያላችሁ ወዲህ በሉ።