ደህና ነኝ፣ ወረቀቱ ግን አይስማማም፦ የሉፐስ መድኃኒት በላብራቶሪ ቁጥር ይወሰን?

ሳባ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ ከያዘኝ 7 ዓመቴ ነው። አሁን መገጣጠሚያዬን አያመኝም፣ ፊቴ ላይ ሽፍታ የለም፣ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ፀረ ዲኤንኤ የሚባለው፣ የራስን ዲኤንኤ የሚያጠቃው አንቲቦዲ ከ60 ወደ 210 ወጣ። በሽታው ሲነሳ የሚቀንሰው ሲ3 የሚባል የደም ፕሮቲንም ትንሽ ወረደ። ሐኪሜ «ፕሬድኒሶን (ስቴሮይዱን ኪኒን) እንጨምር ይሆን?» አለኝ። ደህና ሆኜ ሳለ ለወረቀት ብዬ ልዋጠው?

ዮናታን፦ ዋጪው ባይ ነኝ። በሽታው ኩላሊት ሲገባ አያምም። እግር ሲያብጥ ይታወቃል፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በ1995 የወጣ የሆላንድ ጥናት አለ። ቁጥሩ ሲወጣ ወዲያው ፕሬድኒሶን የተሰጣቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ያገረሸባቸው። ካልተሰጣቸው አብዛኞቹ አገረሸባቸው። በ2006 ደግሞ 41 ሰው ላይ ተሞክሮ፣ ከባድ ማገርሸት የታየባቸው 6ቱም ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ኪኒን) የሚወስዱት ነበሩ።

ዶ/ር ሀና (አዲስ አበባ)፦ ዮናታን፣ ጥናቶቹን አንብበሃል፤ ግን 41 ሰው ስንት ነው? ቁጥሩ ከፍ ብሎ ለዓመታት ምንም የማይሆን ሰው አለ። ሁሉንም ካከምን፣ ላይመጣ ለሚችል በሽታ ስቴሮይድ እናጎርሳለን ማለት ነው። አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይመጣል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር የ2023 ምክር እኮ በዘላቂነት በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳያልፍ፣ ከተቻለም እንዲቆም ነው።

እታገኝ፦ ልጄን አስታወሳችሁኝ፤ እሷም ፕሬድኒሶን ትወስድ ነበር፣ ፊት ያሳብጣል። ትምህርት ቤት «ጉንጭሽ ምን ሆኖ ነው?» እያሉ ሲስቁባት፣ ኪኒኑን ትራስ ልብስ ውስጥ ትደብቅ ነበር። አልጋ ሳነጥፍ 19 ፍሬ አገኘሁ። እኛ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ሊጨመርላት ነበር!

ዶ/ር ሀና፦ እትዬ፣ ዋናውን ነገር ተናገሩ። የእሷ ኪኒን ባይሆንም፣ የሉፐስ ዋናው መድኃኒት ሀይድሮክሲክሎሮኪን ደም ውስጥ ስንት እንዳለ የሚለካ ምርመራ አለ። «አልሠራም» እና «አልተዋጠም» ለየቅል ናቸው። ለእኔ ከብዙ ውድ ባዮማርከር (የበሽታ ጠቋሚ የላብራቶሪ ምልክት) ይልቅ እሱ ይጠቅመኛል።

ዮናታን፦ እሺ፣ ስቴሮይዱን ተይው። መድኃኒት ለመምረጥስ? በ2011 አሜሪካ የተፈቀደው የሉፐስ መድኃኒት ቤሊሙማብ፣ ፀረ ዲኤንኤያቸው ከፍ፣ ኮምፕሊመንታቸው (እነ ሲ3) ዝቅ ያለ ሰዎች ላይ የተሻለ ይሠራል። ይሄ ባዮማርከር ካልሆነ ምንድን ነው?

ዶ/ር ሀና፦ በግማሽ እስማማለሁ። ሌላውን የሉፐስ መድኃኒት አኒፍሮሉማብን እየው። ቀደም ባለው ሙከራ የኢንተርፌሮን (መድኃኒቱ የሚያግደው የመከላከያ መልእክተኛ) ጂን ምልክታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ጎላ ብሎ ሠራ። በ2021 ሲፈቀድ ግን ምርመራው ግዴታ አልሆነም። እኔ ጋ ለሚመጣ ሕመምተኛ ደግሞ የሁለቱም ስማቸው ብቻ ነው የሚሰማው። ላለው ገንዘብ አንድ ምርመራ ምረጪ ብትሉኝ፣ ሽንት እላለሁ። በቀን ግማሽ ግራም ፕሮቲን ከወጣ፣ ከኩላሊት ናሙና ስለ መውሰድ እናወራለን። ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም የማያከብረው።

ሄኖክ (ላብራቶሪ)፦ ሳባ፣ 60ውና 210ሩ ከአንድ ቦታ ነው የመጡት? የፀረ ዲኤንኤ መለኪያ ዘዴው ብዙ ነው። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ሳባ፦ ቆይ፣ ወረቀቶቹን ላውጣ… ኢንሹራንስ ስቀይር ላብራቶሪውም ተቀይሯል! የጤነኛ ሰው ጣሪያ አንዱ 30 ይላል፣ ሌላው 100።

ሄኖክ፦ እንግዲህ ሁለቱም ከጣሪያቸው እጥፍ ገደማ ናቸው። ወጣ ለማለት አልደፍርም።

ዮናታን፦ ሲ3ስ? እሱም ወርዷል እኮ።

ሄኖክ፦ እሱን አልክድህም።

ሳባ፦ ሰኞ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዤ ሐኪሜ ጋ እገባለሁ። ሽንት ምርመራም እዘዝልኝ እለዋለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ አልሰጠሁም።

ዶ/ር ሀና፦ ካለፈው ዓመት?! ሰኞን አትጠብቂ፣ ነገ ደውዪ።