የቪትዜን ሞተር ግቢዬ ውስጥ ላጸዳ ነው፤ ቤንዚን ይሻላል የሚሉኝ አሉ

የገርጂዋ

እንደምን ዋላችሁ? ባለ 1.3 ሞተር የቆየች ቪትዝ አለችኝ። ከስምንት ወር በፊት የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት ተቀይሮላታል። ከዚያ በፊት የፈሰሰው ዘይት ግን ከአቧራ ጋር ተለውሶ ሞተሩ ላይ እንደ ጭቃ ደርቋል። ሰሞኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሥሯ መሬቱ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል የዘይት ጠብታ አያለሁ። ከቆሻሻው ብዛት ከየት እንደሚመጣ መለየት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት ማጠቢያ ቤት ወስጃት ሞተሯን በግፊት ውኃ አጠቡልኝ። ገና ከበሩ ስወጣ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ የሞተር ምልክቱ በራ፤ ብዙም ሳልርቅ ቀጥ አለች። ተጎትታ ነው ቤቷ የገባችው። ስለዚህ ቅዳሜ ራሴ ልሠራው ወስኛለሁ። ጎረቤቴ «ቤንዚን በብሩሽ ቀቢው፣ ሁሉንም ያነሣዋል» ይለኛል። እውነቱን ነው? የትኛውን ክፍልስ ልሸፍን?

ባለ ሚኒባስ

ቤንዚን አልመክርሽም። እኔ ለዓመታት በናፍጣ ነው የማጸዳው፤ በኮምፕረሰር እረጨዋለሁ፣ ከዚያ በውኃ አለቀልቀዋለሁ። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ከሆነ ቅባቱ ቶሎ ይለቃል።

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ ቤንዚኑን ተይው። ይህን የምለው በዓይኔ ያየሁትን ይዤ ነው። በ1991 ዓ.ም. በምሠራበት ጋራዥ አንድ ረዳት ልጅ የጣሳ ቤንዚንና ብሩሽ ይዞ ሞተር ያጥብ ነበር። ባትሪው አልተፈታም። በሌላው እጁ የያዘው ቁልፍ የባትሪውን ፖዘቲቭና የመኪናውን ብረት በአንድ ጊዜ ነካ፤ ብልጭ አለ፤ ሁለቱም እጆቹ ተቃጠሉ። ልጁ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታጠፉለትም። ቤንዚን በብርድም ይተናል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ መኪናው ሥር ይተኛል። አታዪውም፤ እሳቱ ግን ያገኘዋል።

ባለ ሚኒባስ ወንድሜ፣ ናፍጣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እንደ ቤንዚን ፈጥኖ አይያያዝም፤ በዚህ ልክ ነዎት። በኮምፕረሰር ሲረጭ ግን ጭጋግ ይሆናል፤ ጭጋግ የሆነ ናፍጣ በትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነገር ነው። ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ የጎማ ቱቦዎቹንም ያበላሻል፤ የሚተወው ስስ ቅባት ደግሞ በሳምንቱ አዲስ አቧራ ይሰበስባል። እባክዎን ይተዉት።

አሁን ወደ ቪትዟ። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት አራቱ ኮይሎች ከሞተሩ አናት ላይ፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች በተቀመጡባቸው ጉድጓዶች ላይ ተሰክተዋል። ግፊት ያለው ውኃ በጎማቸው ሥር ገብቶ ጉድጓዱ ውስጥ ሲተኛ እሳቱ በካንዴላው ጫፍ መዝለሉን ትቶ በውኃው በኩል ወደ ብረቱ ይሸሻል። ያንቀጠቀጣት ይኸው ይመስለኛል።

ሞተሩ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ። የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ አስቀድመሽ ፍቺ፤ ስትመልሺ የመጨረሻው እሱ ይሁን። ከዚያ ውኃ ሳታስቢ በደረቁ ጀምሪ። የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ቁራጭ ፋቂ፣ በአሮጌ የቀለም ብሩሽ ጥረጊ። አብዛኛው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ግን ይቸኩልበታል። ቀጥለሽ ኮይሎቹን፣ ዲናሞውን፣ የፊውዝ ሳጥኑንና የአየር ማስገቢያውን አፍ በፌስታል ሸፍነሽ እሰሪ። ፌስታሎቹን ቁጠሪያቸው፤ ስትጨርሺ ያው ቁጥር እጅሽ ላይ መኖር አለበት። የተረሳ ፌስታል ቺንጋ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ።

ፈሳሽ ሳሙና በሞቀ ውኃ በጥብጠሽ ክፍል በክፍል በብሩሽ ፈትጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሺ። ማለቅለቅ ካስፈለገ አበባ የምታጠጪበት መርጫ ይበቃል፤ የውኃ ጎማውን አትንኪው። ጓንት አድርጊ። ከታች ሰጋቱራ በትኚ፤ ቅባቱን ይጠጣልሻል፣ ጠርገሽ ለብቻው አስቀምጪው። በጎርፍ መውረጃው እንዳትለቂው አደራ፤ የከተማችን ውኃ ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው፣ በዚያ ወንዝ አትክልት ይጠጣል።

ፌስታሎቹን ሁሉ አንሥተሽ፣ ኮፈኑን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዪያት። ሲደርቅ ዘይት ያጠራጠረሽ ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት፤ ቺንጋውንና ዲናሞውን ግን እንዳይነካ። አንድ ሁለት ቀን ንጂያት፤ ዘይቱ ነጩ ላይ መንገዱን ራሱ ይስልልሻል።

አዲስ ገቢ

ጋሼ፣ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ከቆመ ወዲህ ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ ገዝተናል። ለእኛስ?

ጡረተኛው መካኒክ

ብርቱካናማ ገመድ የከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ እሱንም የሚገባበትንም ሳጥን አትንካ። ለአንተ የሚሆነው መኪናው ጠፍቶ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ የላይ የላዩን መጥረግ ብቻ ነው።

የገርጂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ሰዓት በደረቁ መፋቅ ነበር። ሰባት ፌስታል አሰርኩ፣ ሰባት ፈታሁ። አንድ ጊዜ ቁልፍ ሳዞር ተነሣች፤ ምንም አልተንቀጠቀጠችም።

ፓውደሩን የቫልቭ ክዳኑ ዙሪያና በብሎኩ ጎን ነሰነስኩ። ማክሰኞ ጠዋት ኮፈኑን ስከፍት ክዳኑ ዙሪያ እንደነጣ ነው። የዘይቱን ግፊት ከሚለካው ሴንሰር ሥር ግን አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር ወደ ታች ወርዷል። ሰሞኑን ሁሉ ጋስኬቱን የቀየረልኝን ሰው ስወቅስ ነበር፤ ዛሬ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዕቃውን ሐሙስ ሊቀይርልኝ ተቀጣጥረናል።