እናቴን ዱባይ ልወስዳት ነው፤ ምከሩኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከሀገር ወጥታ አታውቅም። ከጥምቀት በኋላ ለአምስት ቀን ዱባይ ላዝናናት አስቤያለሁ። ጉልበቷን ያማታል፤ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ያን በቴሌቪዥን የምታየውን ረጅም ፎቅ ሳታይ እንደማትመለስ ነግራኛለች። እኔ ግን ሞልና ፎቅ ብቻ አይታ እንድትመለስ አልፈልግም። እሷ ገበያና የሰው ኑሮ ማየት ነው የምትወደው። የምታውቁ እስቲ በሉኝ።

ዴራ የኖረው፦
እህቴ፣ በጣም ጥሩ አስበሻል። ጥር አየሩ ደስ ይላል፤ በበጋቸው ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ለእናት አይሆንም። ማረፊያችሁን ዴራ ወይም ቡር ዱባይ አድርጉት። አሮጌው ከተማ ደጃችሁ ላይ ይሆናል።

ጠዋት ጠዋት አል ፋሂዲ ሰፈር ውሰጃት። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ አራት ማዕዘን ማማዎች ታያላችሁ። ነፋስ መሳቢያ ናቸው። መብራት ሳይመጣ በፊት ሰዉ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው በእነሱ ነበር።

ከዚያ በመካከል ያለውን ውሃ በአብራ ወደ ዴራ ተሻገሩ። የእንጨት ጀልባ ነው፤ ሒሳቡ 1 ድርሃም ብቻ። ስትሳፈሩ ስለሚወዛወዝ እጇን ያዢያት። ማዶ የቅመም ገበያው አለ። ሄሉ፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ የደረቀው ሎሚ በጆንያ አፍ ድረስ ተሞልቶ ይጠብቃችኋል። የእኔ እናት ስትመጣ ያንን ሁሉ እያነሳች ስታሸት ሁለት ሰዓት ሙሉ አልወጣንም። ስለ ዱባይ ዛሬም የምታወራው እሱን ነው።

በንግድ የምትመላለሰው፦
ወርቅ ገበያው ቅርብ ስለሆነ መግባታችሁ አይቀርም። የግራሙ ዋጋ የዕለቱ ነው፤ እሱ ላይ አትከራከሩ። ክርክሩ የእጅ ሥራው ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳላውቅ ለአንዲት ሐብል የተጠራልኝን ከፍዬ ወጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሚዛኑ ላይ ስትቀመጥ እዩ፤ ግራሙንና የእጅ ሥራውን ለይተው ደረሰኝ ላይ ይጻፉላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አደራ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ቀድሞ የመንግሥታቸውን ፈቃድ ይፈልጋሉ። ለጉልበቷ የምትወስደውን መድኃኒት ስም አሁኑኑ አጣሪ። «ለዘመዴ አድርሱልኝ» የሚባል ዕቃም ሳትፈትሹ አትቀበሉ። ጫት ክልክል ነው፤ በእሱ ሰበብ የሰው ኑሮ ተበላሽቷል።

አባቱን የወሰደው፦
እናትሽ ማየት የፈለገችው ፎቅ፣ ቡርጅ ከሊፋ፣ 828 ሜትር ነው፤ የተለመደው ትኬት 124ኛና 125ኛ ፎቅ ያደርሳል። ቀድመሽ ኦንላይን ግዢው። ፀሐይ መጥለቂያ ላይ ዋጋው ስለሚጨምር የጠዋቱን ውሰጂ። ሊፍቱ ፈጣን ነው፣ ጆሮ ይደፍናል፤ ማስቲካ ያዢላት። በሜትሮ ከሄዳችሁ ከጣቢያው እስከ ዱባይ ሞል ያለው መተላለፊያ ረጅም ስለሆነ በታክሲ ሂዱ። ለኤርፖርቱም ዊልቸር ከአሁኑ ለአየር መንገዱ አስመዝግቢ።

ጾሙ አያስቸግራችሁም። ቡር ዱባይ ሥጋ የማይሠሩ የሕንድ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። ቅቤና እርጎ ስለሚያበዙ «ሳይገባበት» ብላችሁ እዘዙ። ዴራ ደግሞ የሐበሻ ቤት አለ፤ በያይነቱ ታገኛላችሁ።

አል ፋሂዲ የሚገኘው የሼክ መሐመድ የባህል ማዕከልም አይለፋችሁ። ከሀገሬው ሰው ጋር ማዕድ ትቀርባላችሁ፤ የፈለጋችሁትን ትጠይቃላችሁ። ቀድመሽ ቦታ ያዢ፤ መሬት ላይ ስለሚቀመጡ ለእሷ ወንበር ጠይቂ። ቡናቸው ሄል የገባበት፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚሄድ ነው። ሲኒውን ወዝወዝ አድርጋ ካልመለሰች ደግመው ይቀዱላታል። አባቴ አራት ጠጥቶ ነው የነገርኩት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመድኃኒቱን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ ነገ ሐኪሟ ጋ እሄዳለሁ። ጁሜራ መስጊድንስ በነጠላዋ መጎብኘት ትችላለች?

ዴራ የኖረው፦
ትችላለች። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በአስጎብኚ ይገባል። ቀሚሷ ረጅም፣ እጅጌውም እስከ አንጓ ይሁን። ነጠላውን ራሷ ላይ ታድርገው፣ ይበቃታል።