ልጄ ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ ስላሰረች ታገደች፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ ፐብሊክ ስኩል ነው የምትማረው። አገር ቤት በጦርነት ያለቁትን ለማሰብ ከአሮጌ ሻርፔ ቆርጣ ክንዷ ላይ አሰረች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ፖለቲካ ነው፣ ፍቺው» አላት። እምቢ ስትል ለአንድ ቀን አገዳት። ማንንም አልሰደበችም፣ አልረበሸችም። ነገ ቢሮ ተጠርቻለሁ። እንግሊዝኛዬ ደግሞ ያን ያህል አይደለም። ምን ልበል?

ጋሼ (ቨርጂኒያ)፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን ፍቺው እላት ነበር። በሰው አገር እሰጥ አገባ ምን ያደርጋል? ትምህርቷን ትጨርስ።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ልክ በዚህ ነገር ላይ የተፈረደ ፍርድ አለ። በ1965 አዮዋ፣ ዲ ሞይን ከተማ፣ ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አሰሩ። ታገዱ። አንዷ፣ ሜሪ ቤት ቲንከር፣ ገና 13 ዓመቷ ነበር። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ፈረደላቸው። ትምህርት ቤቱ መከልከል የሚችለው ነገሩ ትምህርቱን በእጅጉ የሚያውክ ወይም የሌሎችን መብት የሚነካ ሲሆን ነው፤ ወይም ይህ እንደሚመጣ በቂ ምክንያት ሲኖረው። «ቅር የሚለው ሰው ይኖራል» ብቻውን አይበቃም። እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ፦ «ምን ረብሻ ተፈጠረ?» መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ።

ትምህርት ቤት የምሠራ፦ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጅሽ እንዳታስተረጉምልሽ። አንድ አባት ልጁ ሲያስተረጉምለት አይቻለሁ፤ ልጁ አፍሮ ግማሹን ዋጠው። ደግሞ አጭር እገዳም ቢሆን ጥፋቷን ነግረው ቃሏን መስማት ነበረባቸው። ይህም ከ1975 ጀምሮ የጸና ፍርድ ነው። ሰምተዋታል?

ሌላ እናት፦ የእኔ ልጅ ቤቱ ሆኖ ስናፕቻት ላይ አሰልጣኙን ተሳድቦ ከቡድን ተባረረ። እሱስ?

የሕግ ተማሪ፦ በ2021 አንዲት የፔንሲልቬንያ ቺርሊደር (በጨዋታ ላይ ቡድን በጭፈራ የምታበረታታ ተማሪ) ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት 8 ለ 1 አሸንፋለች። ከግቢ ውጭ የትምህርት ቤቱ ሥልጣን ይጠባል። ዛቻ ወይም ሌላ ልጅ ማዋከብ ካለበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የግል ትምህርት ቤት ከሆነም ይህ ሕግ አይነካውም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ልጄን ጠየቅኳት፤ «ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም» አለች። አስተርጓሚ ፈልጌ ኢሜይል ልኬያለሁ። ጥያቄዋንም ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።