«በመላእክት» ሲል ገብርኤልን ነው እንዴ?

የሐይቁ ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። ከሐዋሳ ነኝ። መሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ላይ ክርክር ተነስቶ ሳይቋጭ ቀረ። አንዱ ባልደረባችን ዳዊት ደጋሚ ነው። ከግዕዙ መዝሙር 117 «ይኄይስ ተሰፍዎ በእግዚአብሔር እምተሰፍዎ በመላእክት» ብሎ በቃሉ አወረደልን፤ «በመላእክት ተስፋ ከማድረግ በእግዚአብሔር ተስፋ ማድረግ ይሻላል» እንደማለት ነው። ሌላኛው ጴንጤ ነው። «ይኸው! በመላእክት ተስፋ አታድርጉ ይላል የራሳችሁ መጽሐፍ» አለና ሳቀ። ያውም በእኛ ከተማ፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ መንገዱ ሁሉ ነጠላ በሚሆንበት! አማርኛው ግን ስለ ገዢዎች ነው የሚያወራው። የቱን እንያዝ? ደግሞ «እግዚአብሔርን አመነ» እና «በእግዚአብሔር ታመነ» ለምን ተለያዩ?

ባለዳዊቱ፦
ልጄ፣ ቃሉን በዛሬ ጆሮ ስለሰማችሁት ነው። መልአክ ከ«ለአከ» ነው የመጣው፤ ላከ ማለት ነው። መልእክትም መልእክተኛም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ከሰማይ የተላከው መልአክ ይባላል። ሹም፣ ገዢ፣ አለቃም በግዕዝ መልአክ ይባላል። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። የደብር አለቃ «መልአከ ሰላም» ሲባል ክንፍ አበቀለ ማለት አይደለም፤ የማዕረግ ስሙ ነው።

መዝሙር 145ም «ኢትትአመኑ በመላእክት» ይላል። በአማርኛው 146 ቁጥር 3 ላይ ታገኚዋለሽ። የግዕዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቆጣጠር ስለሚከተል እዚህ ላይ በአንድ ያንሳል። አማርኛው «ማዳን በማይችሉ በሰው ልጆች በአለቆችም አትታመኑ» ብሎታል። ለባልደረባሽ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢለት። ነፍሱ ትወጣለች፣ ወደ መሬቱም ይመለሳል፣ ምክሩም ይጠፋል ይላል። ገብርኤል ይሞታል? ይቀበራል? የሚቀበረው ሹሙ ነው።

እንዲያውም ታኅሣሥ 19 የሚታሰበው ታሪክ ከዚህ መዝሙር ጋር አንድ ነገር ነው የሚናገረው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል። ናቡከደነፆር የወርቅ ምስል አቁሞ ስገዱ አላቸው። አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል አሉት። እዚያ ላይ ግን አላቆሙም፤ «ባያድነንም» አንሰግድም አሉ። ዳንኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 18 ነው። «ባያድነን» የምትለዋ ቃል ለእኔ ከእሳቱ ትበልጣለች። ያድነኛል ብሎ መድፈር አንድ ነገር ነው፣ ባያድነኝም ብሎ መቆም ሌላ። ደግሞ ልብ በይ፣ እየመለሱለት ያሉት «ንጉሥ ሆይ» እያሉ ነው። አልሰደቡትም።

አቶቴ፦
ጋሼ ባለዳዊቱ ጨርሰውታል። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዘው። «እግዚአብሔርን አመነ» ሲባል አለ ብሎ ተቀበለ፣ ቃሉን እውነት ነው አለ። «በእግዚአብሔር ታመነ» ግን ተደገፈ ነው። ዛሬ በየቤቱ «ተማመነ» የምንለው። «ለእግዚአብሔር ታመነ» ካልሽ ደግሞ ታማኝ ሆነ፣ አልከዳም። ሥራውን የምትሠራው «በ» እና «ለ» ናት።

ይህቺን ዘሎ የሚያነብ ሰው አለ። «በአለቆች አትታመኑ» የሚለውን «ለአለቆቻችሁ ታማኝ አትሁኑ» አድርጎ ይወስደዋል። አለቃህ ላይ ተስፋህን አትጣል ማለት የቢሮውን ቶነር በፌስታል ይዘህ ውጣ ማለት አይደለም 😀 ሮሜ 13 ለባለ ሥልጣን ተገዙ ይላል። ሐዋርያት ሥራ 5፥29 ደግሞ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል ይላል። ሁለቱ የሚጋጩት ሹሙ የእግዚአብሔርን ቦታ ሲጠይቅ ነው። ያኔ «በ» እና «ለ» አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን እንዲያወግዙ በጣሊያን ተጠይቀው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ተረሸኑ። በማን ታመኑ፣ ለማን ታመኑ ብትዪ መልሱ አንድ ነው።

ባለባጃጁ፦
የእኛ ሰፈር ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ተለጥፏል። ከመዝሙሩ ጋር አንድ አይደለም?

አቶቴ፦
ይመስላል እንጂ ተቃራኒ ነው። ተረቱ የተከዳ ሰው ምሬት ነው፤ ሰው የሚታመነው ከተቀበረ በኋላ ነው ይላል። መዝሙሩ ስለሚቀበር አትደገፍበት ይላል። ሰው ከዳተኛ ነው አላለም። ደግ ንጉሥም ቢሆን ይሞታል፤ ጉዳይህን የያዘልህ ደግ ኃላፊም ይቀየራል። «እዚያ ቢሮ ሰው አለኝ» ብለህ ሄደህ ወንበሩ ላይ የማታውቀውን ፊት ያገኘህ ቀን ትርጉሙ ይገባሃል።

ይልቅ ለመዝሙሩ የሚቀርበው «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች» ነው። ተረቱ ላይ ጌታ ማለት ባለቤቷ ነው። ሰባኪዎች ግን ወደ ላይ ወስደውታል፣ ያምርበታልም።

ባለዳዊቱ፦
ሳልረሳ አንድ ልጨምር። ድሮ ሰው ተበድሎ ባላጋራውን ሲያስቆም «በምኒልክ አምላክ!» ይል ነበር። በኋላ «በኃይለ ሥላሴ አምላክ!» ሆነ። ዛሬ «በሕግ አምላክ!» ነው። የሚጠራው ንጉሡ ራሱ አይደለም፣ የንጉሡ አምላክ ነው። ሁለት ባላገሮች መንገድ ላይ ሲጣሉ እንኳ ከዘውዱ በላይ ያለውን ይጠሩ ነበር። ንጉሥ ሲለወጥ የፊቱ ስም ይለወጣል፣ «አምላክ» ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በእርግጥ «ምኒልክ ይሙት!» የሚል መሐላም ነበረ፤ እሱ በንጉሡ ሕይወት መማል ነው። ሁለቱን እንዳታምታቱ።

የሐይቁ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። «የመንግሥት ያለህ!»ስ? እሱ ላይ አምላክ የለበትም።

ባለዳዊቱ፦
እሱ የጭንቅ ጩኸት ነው፤ የሚሰማ መንግሥት የለም ወይ ማለት። «የእግዜር ያለህ!» በሚለው ልክ የተሰፋ ነው። በእኛ መንደር ሲጮኹ የሰማሁት ግን ሁለቱን አከታትለው ነው፣ ያውም መንግሥትን አስቀድመው።

ባለባጃጁ፦
ትራፊክ ሲያስቆመኝ እኔም በዚያው ቅደም ተከተል ነው የምጮኸው 😂