የወገብ ነርቮቹ ኤል3፣ ኤል4፣ ኤል5 ከተቃጠሉ የሂሳብ ኮዱ 64636 ስንት ጊዜ ይጻፋል?

ጀማሪ ቢለር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚዋ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ናቸው። ሐኪሙ በራሱ ቢሮ የወገብ አርኤፍኤ (የሕመም ነርቭን በሙቀት ማቃጠል) ሠርቷል፤ ኖቱ “ኤል3፣ ኤል4፣ ኤል5፣ በግራም በቀኝም” ይላል። 64635 (ለመጀመሪያው ጆይንት) አንድ፣ 64636 (ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጆይንት) ሁለት፣ በሁሉም ላይ ሞዲፋየር 50 (በሁለቱም ወገን መሠራቱን የሚያሳይ)፣ በተጨማሪም 77003 (ለፍሎሮስኮፒ፣ ማለትም ለኤክስሬይ ምሪት)፣ በምርመራ ኮድ ኤም54.16 ተልኮ ዲናይ ሆነ (ክፍያ ተከለከለ)። የቱ ላይ ነው ስህተቱ?

ኮደሯ፦
ከአንድ በላይ ነው ወንድሜ። ዋናው ቆጠራው ነው፤ ኮዱ የሚቆጥረው ነርቭ ሳይሆን ፋሴት ጆይንት (የአከርካሪ አጥንቶች ትንሽ መገጣጠሚያ) ነው። ለአንድ ጆይንት ሁለት ነርቭ ይደርሰዋል። ለኤል4-ኤል5 ኤል3 እና ኤል4 ይቃጠላሉ፤ ለኤል5-ኤስ1 ደግሞ ኤል4 እና የኤል5 ዶርሳል ራመስ (የነርቩ የኋላ ቅርንጫፍ)። ኤል4 ለሁለቱም ስለሚያገለግል ሦስቱ ነርቮች ሁለት ጆይንት ናቸው። ለአንድ ወገን 64635 አንዴ፣ 64636 አንዴ፤ በቃ።

77003ን አውጣው፤ ፍሎሮስኮፒው ኮዱ ውስጥ ተካቷል። ምስሉ ግን ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ኤም54.16 ራዲኩሎፓቲ (የነርቭ ሥር ሕመም) ነው፤ እሱ ለኤፒዱራል መርፌ እንጂ ለፋሴት አይሆንም። የሚጠበቀው ኤም47.816 ወይም ኤም47.817 (ራዲኩሎፓቲ የሌለበት የወገብ ስፖንዲሎሲስ፣ ማለትም የአከርካሪ መገጣጠሚያ መበላሸት) ነው፤ ግን ሐኪሙ ጽፎት ከሆነ ብቻ። ከራስህ አትቀይር።

የኤኤስሲ ሰው፦
በ50 ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሲፒቲ (የሕክምና ሥራ ኮዶች) መጽሐፍ ሥራው በሁለቱም ወገን ሲሆን 64636ን ያለ 50 ሁለቴ፣ ለየወገኑ አንዴ፣ ጻፉ ይላል፤ 50 የሚጠይቁ ከፋዮችም አሉ። የከፋዩን የቢሊንግ አርቲክል (የሂሳብ አላላክ መመሪያ) ሳያዩ አለመላክ ነው። ሥራው በኤኤስሲ (ታካሚ በዕለቱ የሚመለስበት የቀዶ ሕክምና ማዕከል) ቢሆን ኖሮ ሜዲኬር ለፋሲሊቲው 50 አይቀበልም፤ በሁለት መስመር ይላካል።

ኮደሯ፦
ከኮዱ በፊት ቻርቱን እይ። ሜዲኬር ለመጀመሪያው አርኤፍኤ ሁለት የምርመራ ብሎክ (ነርቩን ለጊዜው የሚያደነዝዝ የሙከራ መርፌ) ይፈልጋል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሳምንት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 80 በመቶ ያስታገሱ። ሞዲፋየር ኬኤክስ (መስፈርቱ መሟላቱን የሚያሳይ) የሚገባው በእነዚያ ብሎኮች መስመር ላይ ነው፤ ብዙ ሰው አርኤፍኤው ላይ ይለጥፈዋል። ለድጋሚ አርኤፍኤ ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ እፎይታ ለ6 ወር መቆየቱ መጻፍ አለበት። ሙቀቱንም ተመልከት፤ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወይም ፐልስድ (በየመሃሉ እየተቋረጠ የሚሰጥ) ከሆነ ኮዱ 64999 (የራሱ ኮድ ለሌለው ሥራ የሚጻፈው) ነው።

ጀማሪ ቢለር፦
አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ብሎክ ላይ “70 በመቶ” ይላል። ይህስ?

ኮደሯ፦
እንግዲያ ኮዱን ማስተካከል ብቻውን አያድነውም። ቁጥሩን በአዴንደም (በኋላ በሚጨመር ማስታወሻ) “ማረም” የሚባል ነገር እንዳይታሰብ፤ ኦዲት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይግባኝ ለማለት ውሳኔው ከደረሰ ጀምሮ 120 ቀን አለ፤ ሌላ የሚደግፍ ማስረጃ ካለ ብቻ ሞክሩ።

የኤኤስሲ ሰው፦
ታካሚዋ ከሥራው በፊት ኤቢኤን (ሜዲኬር ላይከፍል እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ቅጽ) ፈርመዋል? ካልፈረሙ ሂሳቡን ወደ እሳቸው መላክ አይቻልም፤ ክሊኒኩ ይሸከመዋል። ከፈረሙ ግን ክሌሙ (የክፍያ ጥያቄው) ላይ ቅጹ መፈረሙን የሚያሳየው ሞዲፋየር ጂኤ ይጨመር ነበር።