የወንዝ ውኃን ጥራት ለመጠበቅ ሥራው ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦
ከአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ የገጠር ነዋሪዎችን የሚያስተባብር ኮሚቴ አባል ነኝ። ወንዛችን በዝናብ ወቅት በደለል ይደፈርሳል፤ ውኃው ሲቀንስ ደግሞ አልጌ ይሸፍነዋል። አቅማችን ውስን በመሆኑ አብዛኞቹ አባላት በዋናው ወንዝ ግራና ቀኝ ዛፍ በመትከል እንጀምር ይላሉ። ይህ ትክክለኛ መነሻ ነውን?

መልስ 1፦
ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ከዋናው ወንዝ ባትጀምሩ እመርጣለሁ። የዳርቻ ዕፅዋት ደለልን የሚያስቀሩት ጎርፉ ሳስቶና ተሰራጭቶ ሲያልፍባቸው ነው፤ ከእርሻው በቦይ ተሰብስቦ ከወረደ ግን ዛፉንም ሣሩንም አልፎ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይገባል። የዛፍ ሥር ዳርቻው እንዳይናድ ይይዛል፣ ጥላውም ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ ደለሉን በማስቀረት ረገድ ግን ጥቅጥቅ ያለ ሣር ይሻላል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ዕለት፣ ጎርፍ ሳትሻገሩ፣ ከላይኛው ተፋሰስ ጀምራችሁ ድፍርሱ ውኃ በየትኞቹ ገባሮች እንደሚመጣ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። የጥርጊያ መንገድ ቦዮችንም ተመልከቱ፤ ጥፋቱ በገበሬው ላይ ሲላከክ ደለሉ ከመንገዱ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

መልስ 2፦
በመልስ 1 ላይ አልጌውን የሚመለከት ልጨምር። አልጌውን የሚያበዙት በማዳበሪያና በፍግ ውስጥ የሚገኙት ፎስፈረስና ናይትሬት የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ፎስፈረስ በአብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ፣ አፈሩን በእርከንና በሣር ያስቀረ ሰው ፎስፈረሱንም በእጅጉ ይቀንሳል። ናይትሬት ግን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ወደ ከርሰ ምድር ሰርጎ ወንዙን ከሥር ይቀላቀላል፤ እርከን አያቆመውም። የሚቀንሰው ማዳበሪያውን ሰብሉ በሚፈልገው መጠንና ጊዜ ከፋፍሎ በመስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ይህም በተለይ ጨቅላ ሕፃናትን ለመጠበቅ ታስቦ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ ለውጡ እስኪታይ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ አባላቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ ይህን ከወዲሁ ማስረዳት ይገባል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከብቶች ወንዙ ውስጥ ገብተው ይጠጣሉ፤ ብንከለክል ጠብ ይነሣል ብለን እንሰጋለን።

መልስ 3፦
ከመከልከላችሁ በፊት ከወንዙ ራቅ ያለ ገንዳ አዘጋጁ። ንጹሕ ውኃ በቀላሉ ካገኙ ከብቶቹ ራሳቸው ወደ ወንዙ መውረድ ይቀንሳሉ፤ አጥሩ ያኔ የሚያጣላ አይሆንም። ፍግ የሚከመርበትንም ስፍራ ከጎርፍ መውረጃ አርቁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሰዎች ጤና ነው፤ ጠርቶ የሚታይ ውኃ ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር የሚመጣውን ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ በመጠጥ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ደግሞ ጨርሶ መገኘት የለበትም። ስለዚህ የተፋሰሱ ሥራ እስኪሰምር ድረስ ለመጠጥ የሚቀዳው ውኃ ይፈላ። ናሙና ስትወስዱም ከብቶቹ ከሚጠጡበት ስፍራ በላይና በታች በአንድ ቀን ውሰዱ፤ ገንዳው ከመሠራቱ በፊትና በኋላ የተወሰዱትን ስታነጻጽሩ ለውጥ መኖሩን በማስረጃ ታውቃላችሁ።